በርኖስ ለብሶ ወደ ፍል ውሃ

ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ በርዶኛል። ይህን የምለው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ተወልዶ ስለ ብርድ የሚያወራ ሰው አዛኝ አያገኝም፤ ጎረቤቱም እኩል በርዶታል። የዛሬው ቅሬታዬ ከየት እንደሚነሣ እንዲታወቅልኝ ብቻ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት በሬን ስከፍት ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ጨው መስሎ ይጠብቀኛል። ደጅ ያደረው የበጎቹ ገንዳ ላይ በረዶ ይጋገርና በከዘራዬ ጫፍ ሰብሬላቸው ነው የሚጠጡት። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው "አባባ፣ ውሃ ከመሬት እየፈላ የሚወጣበት አገር ልውሰድዎ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ያለችው የልጄ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ምድር ታጠናለች፤ በእኛ ቋንቋ ድንጋይ ሰብራ ታያለች። አባቷን ያስተማርኩት ከድንጋያማው መሬት ይገላገል ብዬ ነበር። እሱ ተገላገለ፤ ልጁ በገዛ ፈቃዷ ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ምን ይደረጋል።

እኔም ብሆን በነገሩ ንጹሕ አይደለሁም። ከ1964 እስከ 1998 ድረስ ጠመኔ ይዤ ስምጥ ሸለቆን አስተምሬያለሁ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ገደል እሥልና በመካከላቸው ሐይቆቹን ከሰሜን ወደ ደቡብ እደረድራለሁ፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ። አቢጃታን የዘለለ ልጅ ደወል እስኪደወል ይቆማል። ታዲያ እኔ ራሴ ከሰባቱ አንዱንም በዓይኔ ዓይቼ አላውቅም ነበር። "ፍል ውሃ ማለት በከርሰ ምድር ሙቀት የጋለ ውሃ ነው" እያልኩ ሳጽፍ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር። ይህን ለልጅቷ ያጫወትኳት ቀን ነው ጉዞው የተቆረጠው። "አባባ፣ ያላዩትን ነው ሲያስተምሩ የኖሩት?" አለችኝ። መንግሥተ ሰማያትንስ የሚያስተምሩት አይተውት ነው? አልኳት። ሣቀች። ስትስቅ እንደ አያቷ ናት፤ ክርክሩ አልቋል ማለት ነው።

መጀመሪያ ያሰበችው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ነበር። ለእኛም የሚቀርበው እሱ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከሜዳችን ከጓሳ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ያ ቆላ ሁሉ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያገኘዋል። ፓርኩ ውስጥ ዘንባባ የከበበው ፍል ውሃ አለ፤ የፈንታሌ ተራራም እዚያው ነው፤ በፈረንጅ 1820 ገደማ የቀለጠ ድንጋይ እንዳፈሰሰ ነገረችኝ። ስንቁ ሳይቋጠር ግን በ2017 መሬቱ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን በኩል ይንቀጠቀጥ ጀመር። በታኅሣሥ ባሰበት፤ ዶፋን ላይ ምድር ተከፍታ እንፋሎት ወደ ሰማይ ለቀቀች፤ ስንት ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ተነሣ። ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ ሌሊት ብርጭቆዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲንጫጫ ሰምታ ደወለችልኝ። በሰው መከራ ላይ ሽርሽር አይኬድም፤ ቀረ። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ልጅቷ "እንግዲያው ሻላ" ብላ መጣች።

ባለቤቴ አልሄድም አለች። "የፈላ ውሃ ማየት ሲያምረኝ ጀበናዬን እጥዳለሁ" ብላ ቁጭ። ከሁላችንም አርቃ ያሰበች እሷ እንደነበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እኔ ግን ለበስኩ። አለባበሴን ልናገር፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የእሱ ነውና። ከውስጥ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ኮት፣ በኮቱ ላይ ጋቢ፣ በሁሉም ላይ ጥቁር በርኖሴ። በርኖሱ ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ከራሳችን በግ ጠጉር ተፈትሎ እዚሁ መንዝ የተሠራ። ዝናብ አያስገባም፤ ንፋስ አያልፈውም፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ነው፣ ቀን ግርማ ሞገስ ነው፣ ለቅሶ ቤት መደገፊያ ነው። አንድ የማያውቀው ነገር ቢኖር ሙቀት ማስወጣት ነው። ልጅቷ "አባባ፣ ቆላ ነው እኮ የምንሄደው" አለች። ቆላ ሲሄዱ ራቁት ይኬዳል እንዴ?

ከመሐል ሜዳ ጣርማ በር፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። አዲስ አበባ ባደርንበት ማታ በተራዬ አስተማርኳት። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በብርድ ምክንያት ነው አልኳት። ፊቷ ላይ "አረጁ" የሚል ነገር አየሁ። እውነቴን ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የጠዋት ንፋሱን የቀመሰ ያውቀዋል። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እዚያ ላይ ከተማ አድርገው ሲኖሩ ወደ ፊንፊኔ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። በ1879 እቴጌይቱ ሜዳውን ወደዱት፤ ቤት ተሠራላቸው፤ አዲስ አበባ አሉት። የሸዋ ነገሥታት ዘር ደግሞ ከየት ነው? ከመንዝ፣ ከነጋሢ ክርስቶስ። አያችሁ፣ ደገኛ ጉልበቱን ሊያሞቅ ወርዶ ዋና ከተማ መሥርቶ ቀረ። "ይሄ ሥነ ምድር አይደለም አባባ" አለችኝ። ሥነ ጉልበት ነው አልኳት።

በማግስቱ ያሳፈረችኝ አንድ የጉዞ አዘጋጅ ኮስተር ላይ ነው። የአዘጋጁን ስም አልጠራም፤ ያበላኝን ሰው ማማት አይሆንልኝም፣ ምንም እንኳ ባልበላም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተገኙ ተባልን፤ በሰዓቱ የተገኘነው እኔና ሾፌሩ ነን። ሌሎቹ አንድ ሰዓት ላይ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘው ተንጠባጠቡ፤ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች፣ ቁምጣ ያደረጉ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም። ሙዚቃው ሲለቀቅ በርኖሴ ራሱ ተንቀጠቀጠ። ወንበሩ የተሠራው ምንም ላልለበሰ ሰው ስለሆነ አንዱን ለሰውነቴ፣ ግማሹን ለበርኖሴ ያዝኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ እስከ ሞጆ ድረስ በርኖሴ ሥር ነበር። ሞጆ ላይ ሲወጣ ፊቱ ከእንፋሎት የወጣ ድፎ ዳቦ መስሏል፤ ፍል ውሃውን ከሁሉ ቀድሞ ያየ እሱ ነው።

ምሳ ባቱ ላይ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ ነበር። ጥቅል ዋጋው ምሳን ይጨምራል ተብሎ ነበርና ምሳው ሲመጣ ዓሣ ሆኖ ተገኘ፤ ዕለቱ ዓርብ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ በሶዬን በጠበጥኩ። አስተናጋጇ ስለ ውሃው አስከፈለችኝ።

ከባቱ አለፍ ሲል ልጅቷ በግራ በኩል መስኮቱን እያንኳኳች "አሉቶ! አሉቶ!" አለች። ዓይቼው ተራራ ነው። በ1970ዎቹ እዚያ ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ አለች፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተወረደ፤ ከ300 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ተገኘ። በ1991 ገደማ በእንፋሎቱ መብራት ማመንጨት ተጀመረ፤ 7.3 ሜጋ ዋት፤ በአገራችን የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት መብራት። "ይህን ያህል ለመሐል ሜዳ ይበቃል?" አልኳት። "ተርፎ ይፈሳል!" "ታዲያ ሰኞ ማታ ራታችንን በኩራዝ ለምን በላን?" መልስ የላትም። ሥነ ምድር እዚህ ላይ ያበቃል።

የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። በሩ አካባቢ ሰጎኖች አሉ። ሰጎን ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ራሷ ከእኔ ከፍ ብሎ ቁልቁል አየችኝ፣ እንደ ድሮ የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር። ትኬት ይቆረጣል። በትኬቱ አላጉረመርምም፤ ይህን መዝግቡልኝ፣ ያላጉረመረምኩበት ነገር ይኸው ነው። ለምን? ጥብቅ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ መንዜ ያውቃል። ጓሳን ለ400 ዓመት ገደማ ያቆዩት አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ነው። አለቃ ይመረጣል፣ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ በተፈቀደ ቀን ብቻ ሕዝቡ ማጭድ ይዞ ይገባል። ሳይፈቀድ ሣር ያጨደ ወዮለት። በልጅነቴ በመክፈቻው ቀን ከአባቴ ኋላ ሸክም ሣር ይዤ ተመልሻለሁ፤ የቤታችን ክዳን፣ የገመዳችን ፈትል እሱ ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ ቀረ፤ ሜዳው ተጎዳ፤ ሕዝቡ ቆይቶ በኮሚቴ መልሶ ያዘው። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ፈረንጅ ይመጣል፣ ከፍሎ በድንኳን ያድራል፣ ጠዋት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ "ግሩም ነው" ይላል። እኛ ለዚያው ብርድ ማንም ከፍሎን አያውቅም።

አቢጃታ ግን የቄሮ አለቃ ያልነበራት ሐይቅ ናት። ከመኪናው ወርደን ወደ ውሃው ስንሄድ፣ ስንሄድ፣ ውሃው አይደረስም። የምንረግጠው የደረቀ ነጭ ጭቃ ነው፤ ሐይቅ የነበረ። ወደ እሷ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከራሷም ሶዳ አሽ ለማምረት ሲቀዳ ኖረ፣ ሸሸች። ድሮ ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉ ሻላ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ ሊያጠምዱ ወደ አቢጃታ ይመላለሱ ነበር፤ አንዱ ጋ ማደር፣ ሌላው ጋ መብላት፣ ልክ እንደ አዲስ አበባ ሠራተኛ። ጨዋማነቷ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ለዚህች ሐይቅ ስንት ልጅ አቁሜባታለሁ! አሁን ሐይቅ ሲቆጥር አቢጃታን የዘለለ ተማሪ ባገኝ ትክክል ነህ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ሻላ ደረስን። እዚህ ላይ አፌን እይዛለሁ። የፈነዳ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር፣ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ። ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀር ምድሪቱ የተቀባች ትመስላለች፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ዝገት። በቅርፊቱ መካከል ሰሐን የሚያህል ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ውስጥ ውሃው እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። አንዱ ይንተከተክና ዝም ይላል፤ ጎኑ ያለው ይቀበለዋል፤ ሁለት ባልቴቶች የሚተማሙ ነው የሚመስለው። ከዚያ በቀጭን ቦይ እየጨሰ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከቅርፊቱ ላይ እንዳትወጡ፣ ስሱ ነው፣ ከሥሩ ውሃ ነው ተባልን። እኔ የተባልኩትን ሰማሁ፣ ከዘራዬ ግን አልሰማችም፤ ስመረኮዛት ጫፏ ቅርፊቱን በስቶ ገባ፣ ስመዝዛት ጭቃ ለብሳ እየጨሰች ወጣች። ደርቆ ነጭ ሆኖ ቀረባት። ዛሬም ካልሲ ያደረገች ትመስላለች።

ልጅቷ በመረብ ከረጢት እንቁላል አምጥታ ኖሮ በገመድ አሠረችና ቀዳዳው ውስጥ ለቀቀችው። ሰው ተሰበሰበ። ያለ እሳት፣ ያለ ማገዶ፣ ያለ ጭስ! ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እንፋሎቱ ነው አልኩ። የእኔን ቤት አስቡት። የጓሮ ባሕር ዛፍ እስኪደርስ፣ ኩበት እስኪደርቅ፣ ባቄላ እስኪበስል። እኛ ጋ ባቄላ ለምን እንደማይበስል ደግሞ ልጅቷ ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ከፍታው ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎ መፍላቱ ግን ሙቀቱን አይጨምርለትም። 3,000 ሜትር ላይ የሚፈላው 90 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሻላ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ 95 ላይ ይፈላል፤ ከምድር የሚወጣውም ወደዚያ የተጠጋ ነው። ቆም ብዬ አሰላሁት። ማንም ሳይቆሰቁሰው፣ ሜዳ ላይ ተትቶ የሚፈሰው ውሃ፣ ባለቤቴ አርባ ዓመት ዓይኗን በጭስ እያጠፋች ካፈላችው ሻይ ሁሉ ይሞቃል! ይህን ቤት ሄጄ ልናገር አልናገር ገና አልወሰንኩም።

እንቁላሉ በሰለ። ተላጠ። ነጩ እንደ ነሐሴ ደመና። "አባባ፣ እንኩ፣ የመጀመሪያው የእርስዎ ነው።" ዓርብ መሆኑን ረስታዋለች። ሃያው ቁምጣ ለባሽ በሉት፤ እኔ ልጣጩን ያዝኩላቸው።

እዚያው ሳለሁ ነው መዓቱ የወረደው። ፀሐይዋ ከላይ፣ ምድሪቱ ከታች፣ በርኖሱ ከመሐል። ላቡ ከአናቴ ተነሥቶ በጀርባዬ እንደ ጀማ ወንዝ ወረደ። አውልቀው አትሉኝም? ከሥሩ ያለው ኮት ክርኑ የተቀደደ ነው፤ የለበስኩት ማን ያየዋል ብዬ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። አንዲት ልጅ መጣች። "አባባ፣ አብሬዎት ፎቶ ልነሣ?" ተነሺ። ጓደኛዋ መጣች። ቀጥሎ ከሌላ መኪና የወረዱ ወንዶች። አንዱ ከዘራዬን ቀጥ አድርጌ እንድይዝ አዘዘኝ፤ ሌላው "ወደዚያ እያዩ፣ እኛን እንዳላዩ ይሁኑ" አለኝ። አንድ ፈረንጅ ፍል ውሃውን ትቶ ሦስት እርምጃ ላይ ተንበርክኮ ካሜራውን ደገነብኝ። ያኔ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ጓሳ ላይ ጭላዳው ጥቁር ካባውን አጣፍቶ ሜዳ ላይ ቁጭ ይላል፤ ፈረንጁ እንዲሁ ተንበርክኮ ያነሣዋል። ጭላዳው ጀርባውን ሲሰጥ ስንት ዘመን "ባለጌ አውሬ" ብለነዋል! ይቅር ይበለን። ጀርባዬን ሰጠሁ። እሱንም አነሡት።

አንዱ ወጣት፣ ጨዋ ቢጤ፣ "አባባ፣ አይሞቅዎትም?" አለኝ። ለዚያ አይደል 500 ኪሎ ሜትር የመጣሁት አልኩት።

ወደ መኪናው ስንመለስ ከልጅቷ ጋር ተጣላን። ጥያቄዬ ቀላል ነው። ቆላው በተፈጥሮው ሞቃት ነው፤ በላዩ ላይ እሳት ምን ያደርግለታል? እሳቱ መንዝ ቢሰጥ ኖሮስ? የሰጠችኝን መልስ ልቤ እስኪቆስል ሰማሁት። የእኛ ደጋ ራሱ እሳት ነበረ አለች። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ ከምድር እየወጣ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየተኛ የሠራው ነው፤ የገደሎቻችን እርከን ያ ነው። ከዚያ ምድር መሰንጠቅ ጀመረች፤ እሳቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሄደ። "30 ሚሊዮን ዓመት ዘገዩ አባባ" አለችኝ እየሳቀች። ሰርግ ላይ ለዘገየ ሰው እንኳ አንድ ብርሌ ይቀመጥለታል።

ባሰ ደግሞ። የሚፈላው ውሃ ከየት የመጣ ነው ብላችሁ ነው? የደጋ ዝናብ! በዳርና በዳር ካሉት ደጎች ይወርዳል፣ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ከታች የጋለው ድንጋይ ጋ ይደርሳል፣ ግሎ ይመለሳል። እንግዲህ ደገኛው ብርዱንና ዶፉን ተቀብሎ ያሳልፋል፣ ቆለኛው ይታጠብበታል። የእኛ የመንዙ ዝናብማ አብዛኛው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ግብፅ ነው የሚወርደው፤ የቀረው በምሥራቁ ገደል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ለራሳችን የሚቀረው ጭቃው ነው። ስምጥ ሸለቆው ደግሞ በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል አለችኝ፤ ጥፍር ከዚያ ይፈጥናል፣ አይታወቅም ብላ ልታጽናናኝ። እኔ ግን ሒሳብም አስተምሬያለሁ። እኛ ያለነው በዚህኛው ዳር ከሆነ፣ በየዓመቱ ከፍል ውሃው እየራቅን ነው!

ሌላ አገር ስላለው ነገርማ ባትነግረኝ ይሻል ነበር። አይስላንድ የሚባል አገር አለ፤ ስሙም በረዶ፣ አገሩም በረዶ። ዋና ከተማው ሬይክያቪክ ቤቱን የሚያሞቀው ከምድር በሚወጣ ፍል ውሃ ነው። ብርዱንና እሳቱን አንድ ላይ ሰጣቸው ማለት ነው። እኛ ብርዱን፣ አፋር እሳቱን፣ እነሱ ሁለቱንም። አሜሪካኖቹ ፍል ውሃቸውን የሎውስቶን ብለው በፈረንጅ 1872 ብሔራዊ ፓርክ አድርገውታል፤ ሰው በሳንቃ መንገድ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ ከዘራ ይበሳል ብለው ነው መሰለኝ። ኬንያዎቹ ደግሞ በእንፋሎት መብራት የሚያመነጩበትን ፓርካቸውን "የሲኦል በር" ብለውታል፤ ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል። እኛ አገር ሲኦልን ላለማየት ስንት ጾም እንጾማለን፣ እዚያ በጉብኝት ነው።

የቀረው መታጠቡ ነው። የመጣሁት ለጉልበቴ አይደል? ሻላ ላይ ያለው ገላ አያስነካም፣ ይልጣል። አዘጋጁ ወደ አንድ የመታጠቢያ ቦታ ወሰደን፤ ስሙ ይቅር። ከፈልኩ። ፎጣ ተከራየሁ። በርኖሴን የሚሰቅሉበት ምስማር አጥተው ሁለት ልጆች ያዙልኝ። እግሬን አስገባሁ። ለብ ያለ ነው! እንደ ተረሳ ሻይ። "ዛሬ ትንሽ ቀዝቅዟል፣ ጋሼ" አለኝ አስተናጋጁ፣ የአየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። ምድር 95 አድርጋ ያወጣችውን የሰው ልጅ ቧንቧ ውስጥ አስገብቶ አበረደው። ሙቀት ፍለጋ ሰባ ስድስት ዓመት ቆይቼ፣ በርኖስ ውስጥ ተቀቅዬ፣ ውሃ ውስጥ በረደኝ።

ያም ሆኖ ባዶ እጄን አልተመለስኩም። ሻላ ላይ ልጅቷ ዞር ስትል ከቦዩ ሁለት ሃይላንድ ሞልቼ ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ነበር። (የውሃ ፕላስቲክን ሃይላንድ ያለው ሰው ቃሉ ደጋ ማለት እንደሆነ ያውቅ ይሆን? የቆላ ውሃ በደጋ ስም።) በኋላ ስታይብኝ ደነገጠች። እንዳይጠጡት አለችኝ፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛ አጥንት ይጎዳል። ጥርሱስ አራት ናቸው አልኳት፤ ለጉልበቴ ነው።

ጣርማ በር ላይ ንፋሱ ተቀበለን። ሃይላንዱን ዳሰስኩት፤ ቀዝቅዟል። መሐል ሜዳ ስንደርስ ከቤቱ ውሃ አይለይም። ባለቤቴ አየችው፣ ቀመሰችው፣ ተፋችው። "ለዚህ ነው የሄድከው? ጨው ጨው ይላል" አለች፤ ወስዳ የበጎቹ ገንዳ ላይ ደፋችው። በጎቹ ተራግጠው መጡ። ሁለቱ ሙክቶች ሲጋፉ አንዲቱ ጥቁር በግ ገንዳውን እስከ ሥሩ ላሰችው፣ ከዚያ አፏን አነሥታ ሌላ ሃይላንድ ካለ ዓይን ዓይኔን አየች። ከጉዞው የረካች እሷ ብቻ ናት።

የልጄ ልጅ በየሳምንቱ ትደውላለች። "ውሃውን ምን አደረጉት አባባ?" ትላለች። ጉልበቴን አሸሁበት እላታለሁ። እናንተም ብታገኟት እንዳትነግሩብኝ።